የሸምጋይ አመኔታ፤ አዲስ አበባ፣ 1964 ዓ.ም.

ደም የተቃቡ ወገኖች ታረቁ ሲባል የምንደነቀው በእርቁ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚደንቀኝ ከዚያ የሚቀድመው ጉዳይ፣ ይኸውም ሁለቱም አንድን ሸምጋይ አምነው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ነው።

በየካቲት 1964 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥት መልእክተኞችና የደቡብ ሱዳን ነፃ አውጪ ንቅናቄ ተወካዮች አዲስ አበባ ላይ ሲገናኙ፣ በነሐሴ 1947 ዓ.ም. በቶሪት የወታደሮች አመፅ የተጫረው ጦርነት ዐሥራ ሰባተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የመንግሥቱን ልዑካን የመሩት አቤል አሊየር ራሳቸው የደቡብ ተወላጅ ናቸው። የንቅናቄውን የመሩት ኤዝቦኒ ሞንዲሪ ነበሩ። ሸምጋዮቹ ደግሞ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሲሆኑ፣ ውይይቱን የመሩት ላይቤሪያዊው ቄስ በርጀስ ካር ናቸው።

እንግዲህ ካርቱም እንዴት አመነቻቸው? በ1956 ዓ.ም. የጄኔራል አቡድ አገዛዝ የውጭ አገር ሚሲዮናውያንን ከደቡብ ጠራርጎ አስወጥቷል። አገዛዙ ቢለወጥም ጥርጣሬው በአንድ ጀምበር የሚጠፋ አልነበረም። የአብያተ ክርስቲያናቱ መልእክተኞች በ1963 ዓ.ም. ካርቱም ሲደርሱ ግን የእርዳታንና የስደተኞችን ጉዳይ አንሥተው፣ የሌላውንም ወገን ቃል መስማት እንዳለባቸው በግልጽ ተናገሩ። በስውር ቢያደርጉት ኖሮ ሰላዮች በተባሉ ነበር። ፊት ለፊት የተነገረ ግንኙነት ግን ለመንግሥቱም ጫካ ላሉትም የሚያገለግል ድልድይ ሆነ።

ኢትዮጵያም ብትሆን ከጉዳዩ ውጭ አልነበረችም። ሱዳን ለኤርትራ ተዋጊዎች መጠጊያ ስትሆን፣ የደቡቡ ጦርነት ስደተኞች ወደ እኛ ወሰን ይጎርፉ ነበር። ታዲያ ጥቅም ያለው ሸምጋይ እንዴት ይታመናል? የአገራችንን ሽምግልና ያስተዋለ ሰው መልሱን አያጣውም። ባላጋራዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ከሁለቱም የራቀውን ባዕድ ሳይሆን፣ ጠቡ ቢቀጥል የእርሱም ደጅ የሚታወክበትን ጎረቤት ነው። ጥቅሙ ታውቋልና አያስፈራም።

ድርድሩ ከሁሉ የከበደው በጦሩ ጉዳይ ነበር። የደቡቡ ሰው የሰሜን ወታደር በመንደሩ እያደረ ሰላም አለ ብሎ አያምንም፤ ካርቱም ደግሞ ሁለት ጦር ያለው አንድ አገር አትቀበልም። በመጨረሻ ጉዳዩ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘንድ ቀረበና ግማሽ በግማሽ በሚለው ሐሳብ ተቋጨ፦ በደቡብ ከሚሰፍሩት 12,000 ወታደሮች 6,000ው ከደቡብ፣ 6,000ው ከሌላው የሱዳን ክፍል እንዲሆኑ። ለተውኔት ጸሐፊ ይህ ቁጥር ምን ያህል ደረቅ ነው! ነገር ግን አንዱ ሌላውን እንዲያምን ያልጠየቀ፣ እየተጠራጠሩም አብሮ ማደር የሚያስችል ቁጥር ነበር።

ስምምነቱ የካቲት 19 ቀን ተፈርሞ፣ መጋቢት 18 ቀን እዚሁ አዲስ አበባ ጸደቀ።

በሰነዱ መሠረት ውሉ የሚሻሻለው በሕዝባዊ ጉባኤው የሦስት አራተኛ ድምፅና በደቡብ ሕዝበ ውሳኔ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ብቻ ነበር። በግንቦት 1975 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኑሜሪ ደቡብን በአንድ አዋጅ በሦስት ክልል ሲከፍሉት አንዱንም አልጠበቁም። ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ከወረዱ ስምንት ዓመት አልፎ፣ የደቡብ ወታደሮች ቦር ላይ ዳግመኛ አምፀው ነበር።