ከገማች ዓይን ወደ ነጋዴ መዝገብ፦ ተቀናሽ ወጪ በኢትዮጵያ የግብር ታሪክ



የንግድ ፈቃድ በቅርቡ ያወጣ ሰው ስለ ግብር ሲያነሣ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እከፍላለሁ?» ብሎ ነው። የታሪክ ተመራማሪ ግን አንድ ጥያቄ ያስቀድማል፤ «ግብሩ የሚሰላው ከምን ላይ ነው? ያንንስ የሚወስነው የማን ቃል ነው?» ይላል። የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ አስራትን ሲደነግጉ፣ አንዱ ዓላማ ገበሬውን ቤቱ ከሚሰፍርበት ወታደር ቀለብ መገላገል ነበር። ይሁን እንጂ አስራት የሚነሣው ከጠቅላላው ምርት ነው። ለዘር የዋለው እህልም ሆነ ለበሬ የወጣው ወጪ አስቀድሞ አይቀነስም። መጠኑንም የሚወስነው የገማቹ ዓይን እንጂ የገበሬው ቃል አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. አስራት ተሽሮ በእርሻ ገቢ ግብር ሲተካ፣ ስሙ ተለወጠ እንጂ ግምቱ አልቀረም። በዚያው ዓመት የጎጃም ገበሬ ባመፀ ጊዜ ከምክንያቶቹ አንዱ መሬቱንና ምርቱን ሊገምቱ በመጡት ሰዎች ላይ የነበረው አለመተማመን ነው። መንግሥትም በመጨረሻ ለማፈግፈግ ተገድዷል።

በንግዱ ዘርፍ ግን ሌላ አስተሳሰብ ሥር እየሰደደ ነበር። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173/1953፣ በኋላም አዋጅ ቁጥር 286/1994 እና አዋጅ ቁጥር 979/2008 የተመሠረቱበት መርሕ አንድ ነው፤ ግብር የሚጣለው በሽያጭ ላይ ሳይሆን፣ ገቢውን ለማግኘት የወጣው አስፈላጊ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ በሚቀረው ትርፍ ላይ ነው። የሱቅ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የሸቀጥ መግዣና የዕቃ እርጅና ይቀነሳሉ። የግል ፍጆታና መቀጫ ግን አይቀነሱም። አስራት ለገበሬው የነፈገውን ሕጉ ለነጋዴው ሰጠ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ መብት የሚጸናው በመዝገብና በደረሰኝ ብቻ ነው።

ጉዳዩን በምሳሌ እንመልከት። አንዲት ነጋዴ በዓመት 800,000 ብር ሸጣ 740,000 ብር አወጣች እንበል፤ ትርፏ 60,000 ብር ነው። በ2008ቱ አዋጅ ሠንጠረዥ መሠረት ግብሯ 8,370 ብር ይሆናል። ነገር ግን የ170,000 ብር ወጪዋ ደረሰኝ ከሌለው፣ በሕግ ፊት ትርፏ 230,000 ብር ነው፤ ግብሩም 62,500 ብር ይደርሳል። ይህ ደግሞ በእጇ ከገባው ትርፍ ይበልጣል። ምናልባት እህሉን የገዛችው ደረሰኝ ከማይሰጥ ገበሬ ነው፤ ወይም ጅምላ ሻጩ ደረሰኝ እምቢ ብሏታል። የሌላው ጥፋት በእርሷ ሒሳብ ላይ ይወድቃል።

ከዚህ በታች ያለው ነጋዴ ጉዳይ ደግሞ ወደ ጥንቱ ይመልሰናል። በዚያው አዋጅ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ግለሰብ፣ ማለትም የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ፣ በቁርጥ ግብር ይስተናገድ ነበር። ዓላማው ሥራውን ማቅለል ነው። ሆኖም መዝገብ ከሌለ ሽያጩን የሚናገረው ገማች ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የዕለት ገቢ ግምት ይፋ በሆነ ጊዜ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ተቃውመዋል። ያ ቅሬታ ከጎጃሙ ገበሬ ቅሬታ ጋር አንድ ነው ባልልም፣ ሁለቱንም ያስቆጣው «ያላየኸውን እንዴት ትቆጥርብኛለህ?» የሚለው ጥያቄ ይመስለኛል።

ስለዚህ ንግድ ለምትጀምሩ ተማሪዎቼ የምለው አጭር ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቤትንና የሱቅን ገንዘብ ለዩ፤ የገዛችሁበትን ደረሰኝ ጠይቁ፤ የዕለቱን ገቢና ወጪ በዕለቱ መዝግቡ። መዝገብ ለግብር ሰብሳቢው የምታደርጉለት ውለታ አይደለም፤ ገማቹ ፊት የምትቆሙበት የራሳችሁ ምስክር ነው። ለሕግ አውጪው ደግሞ የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ደረሰኝ በማይገኝበት ገበያ ደረሰኝን የመብት ቅድመ ሁኔታ ማድረግ፣ መብቱን በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሣት አይሆንምን?