በሳንዲዬጎ ከተማ በድልድይ ሥር ስለሚገኙት የቺካኖ ሕዝብ የግድግዳ ሥዕሎች

የግድግዳ ሥዕልን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት ሠዓሊው ማን እንደ ሆነና ጥበቡን ከማን እንደ ተማረ ነው። የዘር ሐረጋቸው ከሜክሲኮ ስለሚመዘዝ ቺካኖ ስለሚባሉት አሜሪካውያን ሥዕል ሲነገር ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ግድግዳው የማን ነው? የሚለው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከሜክሲኮ አብዮት በኋላ በ1920ዎቹ ዓመታት ሪቬራ፣ ኦሮስኮና ሲኬይሮስ በአገራቸው የሕዝብ ሕንፃዎች ላይ የሣሉት በመንግሥት ድጋፍ ነበር። ሲኬይሮስ በ1932 በሎስ አንጀለስ የሣለው «አሜሪካ ትሮፒካል» ግን በመስቀል ላይ የተሰቀለ የአገሬው ተወላጅ ያሳይ ስለ ነበር፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በነጭ ቀለም ተሸፈነ። የሰው ግድግዳ የያዘ ሥዕል ዕድሜው በባለ ግድግዳው ፈቃድ የተወሰነ ነው።

በካሊፎርኒያ፣ በሳንዲዬጎ ከተማ የሚገኘው የሎጋን ሰፈር የቺካኖዎች መኖሪያ ነበር። በ1963 አውራ ጎዳና ሰፈሩን ለሁለት ከፈለው፤ በ1969 ደግሞ የኮሮናዶ ድልድይ ተመረቀ። ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ በቦታቸውም የሲሚንቶ ዓምዶች ቆሙ። ከድልድዩ ሥር ያለው መሬት መናፈሻ ይሆናል ተብሎ ለነዋሪዎች ተስፋ ተሰጥቶ ሳለ፣ በኤፕሪል 22 ቀን 1970 የአውራ ጎዳና ፖሊስ ጣቢያ ሊሠራበት ቡልዶዘሮች ገቡ። ሕዝቡም ቦታውን 12 ቀን ያህል ይዞ ቁልቋልና አበባ ተከለ፤ በመጨረሻም መሬቱ መናፈሻ እንዲሆን ተፈቀደ።

ሥዕሉ የተጀመረው ከዚህ በኋላ በ1973 ነው። ዓምዶቹ እንዲሣሉ አስቀድሞ ያሰበው ሳልቫዶር ቶሬስ፣ እንዲሁም ጊዬርሞ አራንዳና ቪክቶር ኦቾአ ሥራውን ከመሩት መካከል ነበሩ። ከመሪዎቹ የሥዕል ትምህርት ቤት ያዩ ቢገኙም፣ ብሩሽ ይዘው ከቀረቡት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ትምህርት ቤታቸው ያው ዓምድ ነበር። ስለዚህ በዚህ ሥራ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሠዓሊ ማለት ብቻውን የተማረ ማለት አይደለም፤ በጎረቤቱ ፊት ሲሠራ፣ ሲታረምና ሲመሰገን የተማረ ማለት ነው። በዓምዶቹም ላይ የጥንቱ አምላክ ኬትሳልኮአትል፣ የአብዮቱ መሪ ዛፓታና የእርሻ ሠራተኞች መሪ ሴሳር ቻቬስ ተሣሉ።

ዓምዶቹ በሕግ የክፍለ ግዛቱ ንብረት ናቸው። ነገር ግን በ1990ዎቹ ድልድዩን ከመሬት መንቀጥቀጥ ለመጠበቅ በታሰበ ጊዜ፣ ሕዝቡ ስለ ተከራከረ ሥራው ሥዕሎቹን እንዳያጠፋ ተደርጎ ተፈጸመ። በ2016ም መናፈሻው የአገሪቱ ታሪካዊ ቅርስ እንዲሆን ተወሰነ።

በሎስ አንጀለስ የታላቁን ሠዓሊ ሥራ ዝናው አላዳነውም፤ በሎጋን ግን ስማቸው ያልተመዘገበ ብዙ እጆች የተካፈሉበትን ሥራ ባለቤቶቹ ጠበቁት። ለማኅበረሰብ ሥዕል ዕድሜ የሚሰጠው ከሠዓሊው ሊቅነት ይልቅ፣ ከሥዕሉ በፊት ለመሬቱ የቆመው ሕዝብ ነው።