የመራጭ ዓይን

በልጅነቴ የገና ዕለት፣ ቅዳሴ አልቆ፣ ጾም ተፈትቶ፣ ዱላችንን ይዘን ወደ ሜዳ ስንወርድ ከጨዋታው በፊት የሚፈጸም አንድ ትንሽ ሥርዓት ነበር። ያኔ ጨዋታውን የሚያዘገይብን ነገር ይመስለኝ ስለነበር እቸኩልበት ነበር። ዛሬ ዕድሜዬ ሠላሳዎቹን አጋምሶ መለስ ብዬ ሳስበው ግን፣ ከጨዋታው ይልቅ በልቤ የቀረው እሱ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ሁለት ልጆች አለቃ ይሆናሉ። የቀረነው ጥንድ ጥንድ እንሆናለን። ጥንዱ እንዲያው በዘፈቀደ አይሆንም፤ እኩያ እኩያውን መፈለግ አለበት። ሯጭ ከሯጭ፣ ዱላ የሚችል ዱላ ከሚችል፣ እንደ እኔ ያለው ቀጫጫ ደግሞ ከመሰሉ ቀጫጫ ጋር። ጥንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ዘወር ይሉና በሹክሹክታ ስም ይከፋፈላሉ፤ «አንተ አንበሳ፣ እኔ ነብር።» ተመልሰው በአለቆቹ ፊት ይቆሙና «አንበሳ ትወስዳለህ ነብር?» ብለው ይጠይቃሉ። ተራው የደረሰው አለቃ አንዱን ይጠራል። የተጠራው ስም ባለቤት ወደ እሱ ይሄዳል፤ የቀረው ወደ ሌላው። አለቃው ማንን እንደመረጠ የሚያውቀው ከመረጠ በኋላ ነው።

በዚህ ሥርዓት ሁለቱ ወገኖች ተመጣጥነው ይወጣሉ። ከዚያ በላይ ግን፣ ሁሉም ተመርጦ ሲያልቅ መሬት መሬት እያየ ብቻውን የሚቀር ልጅ የለም። ችሎታን የሚመዝኑት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ አለቃው የሚመርጠው ፊት ሳይሆን ስም ነው። የጥንቶቹ ሰዎች የመራጭ ዓይን እንዴት እንደሚያዳላ ያወቁ ይመስል፣ ዓይኑን በስም ጋረዱት።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ መራጭ ሆኜ ነበር። የእኔን ወደ ኋላ ላቆየውና አስቀድሜ ስለ ሌሎች መራጮች ልናገር።

ጨዋታችንን የባሕር ማዶ ሰው ቢያየው «ይሄማ ሆኪ ነው» ማለቱ አይቀርም። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ፣ የምትመታ ሩር፣ የሚፋለሙ ሁለት ወገኖች። በካናዳ ይህ ጨዋታ በበረዶ ላይ ነው፤ ሩሯም ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ ናት። እዚያ የታዳጊዎች ሊጎች በየዓመቱ 15 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች ይመርጣሉ፤ ምርጫውን «ድራፍት» ይሉታል። ክለቦች በየተራቸው አንዳንድ ልጅ በስሙ ይጠራሉ። የሚጠራው ግን የተደበቀ ስም አይደለም፤ ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ ያገባቸው ጎሎች፣ በበረዶው ላይ ያለው ፍጥነት ተመዝግቦ ያለቀ ልጅ ስም ነው። ከዚያ ቀን በፊት መልማዮች ከከተማ ከተማ እየዞሩ በብርድ ቁጭ ብለው ያያሉ። ጎበዞቹ መልማዮች ጎል የሚያገባውን ብቻ አይከተሉም። ሩሯ እሱ ጋ በሌለችበት ጊዜ ልጁ ወዴት ያያል? ሲነጠቅ ይቆማል ወይስ ይመለሳል? ይህን ይመለከታሉ። እንዲህም ሆኖ ይሳሳታሉ።

የትልልቆቹ የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ የመጀመሪያውን ድራፍት ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1963 በሞንትሪያል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው መዝገብ ለመራጭ ዓይን ትልቅ መስተዋት ነው። በ1993 አሌክሳንደር ዴግል ብዙ ተወርቶለት አንደኛ ተጠራ፤ የተወራለትን ያህል ግን ሳይሆን ቀረ። በ1998 ሩሲያዊው ፓቬል ዳትሱክ የተጠራው 171ኛ ሆኖ ነው። በተከታዩ ዓመት ስዊድናዊው ሄንሪክ ዜተርበርግ 210ኛ ተጠራ። ከሁለት መቶ በላይ ልጆች ከእሱ ይሻላሉ ተብለው ቀድመውት አለፉ ማለት ነው። በ2008 ዲትሮይት ዋንጫውን ሲያነሳ ሁለቱም እዚያ ነበሩ፤ የፍጻሜ ዙሮቹ ምርጥ ተጫዋች የተባለውም 210ኛው ነበር።

ስሕተቱ የዕድል ብቻ ቢሆን ባልተጻፈ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ የካናዳ ሆኪ ተጫዋቾችን የልደት ወር ቆጥረው አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳዩ። በተመረጡት መካከል በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት እጅግ በዝተው ተገኙ፤ በመጨረሻዎቹ ወራት የተወለዱት አነሱ። ምክንያቱ የኮከብ ነገር አይደለም። የዕድሜ መቁረጫው ጃንዋሪ 1 ስለሆነ በጃንዋሪና በዲሴምበር የተወለዱ ልጆች እንደ እኩያ ይሰለፋሉ። በዘጠኝና በአሥር ዓመት ዕድሜ አሥራ አንድ ወር ብዙ አጥንት፣ ብዙ ጉልበት ነው። አሠልጣኙ ትልቁን ልጅ አይቶ «ተሰጥኦ አለው» ይላል፤ ይመርጠዋል፤ የተመረጠው ብዙ ይለማመዳል፤ ብዙ የተለማመደው በእርግጥም ይበልጣል። መራጩም «ዓይኔ አልሳተም» ይላል። እንዲህ እያለ ስሕተቱ የራሱን ምስክር ይወልዳል።

እዚያ ወሩ ይታወቃል። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ዓመቱም አይታወቅም። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ባንክ ቤት ተቀምጬ የደንበኛ ፎርም ስሞላ የልደት ቀን የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ብዙ ሰው ይስቃል፤ «መስከረም 1 በለው» ይለኛል። በእኔ እጅ በመስከረም 1 የተወለደው ሕዝብ ብዛት የሚገርም ነው። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2009 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የልጆቹን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ መመርመር የጀመረው በወረቀት የተጻፈ ዕድሜ ስላላሳመነው ነው። በሞስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ሁለት ወርቅ ያጠለቀው ምሩጽ ይፍጠርም ዕድሜውን በጠየቁት ቁጥር ጋዜጠኞቹን በቀልድ ይሸኛቸው ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን መዝገብ ልመለስ። አበበ ቢቂላ በልጅነቱ ገና ይጫወት ነበር። በዚያን ጊዜ በገጠር የገና ጨዋታ ሜዳው መለኪያ የለውም፤ የሁለቱ ወገን ግቦች አንዳንዴ ኪሎ ሜትሮች ይራራቃሉ። የአሥራ አምስት ዓመቱን አበበን በዚያ ሜዳ ላይ የሚያየው መልማይ አልነበረም። ወደ አትሌቲክስ የመጣው ክብር ዘበኛ ከገባ በኋላ፣ ጎልማሳ ሆኖ ነው። እዚያ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አየው። በጊዜው ስሙ የገነነው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ ዋሚ ግን በሕመም ምክንያት ሮም ሳይሄድ ቀረ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓመት ሊብት ሰዓታት ሲቀሩት፣ የ28 ዓመቱ ወታደር በባዶ እግሩ፣ ችቦ በያዙ ወታደሮች መካከል እየሮጠ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ከውድድሩ በፊት ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው የውጭ ሰው ጥቂት ነው።

የማሞ ወልዴ ታሪክ ደግሞ ለመራጭ ሁሉ በግድግዳ ላይ ሊለጠፍ የሚገባው ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተሳተፈችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን፣ ማሞ 800 እና 1,500 ሜትር ሮጦ ከመጀመሪያው ማጣሪያ አላለፈም። ያን ቀን ያየው ሰው መዝገቡን ዘግቶ «አይሆንም» ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? በ1964 በቶኪዮ 10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን አቋረጠ። በ1968 በሜክሲኮ፣ አበበ በጉዳት ምክንያት ከመንገድ ሲወጣ፣ ማራቶኑን በሦስት ደቂቃ ርቀት ያሸነፈው ይኸው ማሞ ነው። ዕድሜው 36 ነበር። ከመጀመሪያው ማጣሪያ እስከ ወርቁ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። አሥራ ሁለት ዓመት የሚጠብቅ መራጭ ከየት ይገኛል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚመስለኝ ከበቆጂ የመጣው ነው። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በአርሲዋ ትንሽ ከተማ የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈዋል። ይህ ሁሉ ከአንድ ትንሽ ከተማ ሲወጣ ሰዎች ስለ አየሩና ስለ ከፍታው ያወራሉ። ከፍታውማ እኛም አለን፤ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ከበላያችን ቆሟል። የከተማችን ስምም ንፋስ መውጫ ነው፤ ሳንባ የሚያሰፋ ንፋስ አላጣንም። ልዩነቱ በእኔ ግምት ሌላ ነው። የመምህሩ ዓይን ለምርጫ አንድ ቀን መጥቶ የሚሄድ ዓይን አልነበረም፤ እዚያው የሚኖር ነው። ዛሬ የደከመችውን ልጅ ነገም፣ በሚቀጥለው ዓመትም ያያታል። አይቶ ቢሳሳት እንኳ የሚታረምበት ጠዋት አለው።

አሁን የእኔን ልናገር።

በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ለታዳጊዎች የሩጫ ፕሮጀክት ልጆች ሲመለመሉ ሦስት ሰዎች ተቀመጥን። እኔ የተጠራሁት በወጣትነቴ ትንሽ ስለሮጥኩና ቁጥር ስለማልስት ነው። ሰዓት ያዥም መዝጋቢም ነበርኩ። ሠላሳ አራት ልጆች 1,500 ሜትር ሮጡ፤ የሚፈለጉት ስድስት ናቸው። ሰባተኛ የገባው አንድ ትንሽ ልጅ ነበር። ኮንጎ ጫማው ስለሰፋው በገመድ ከእግሩ ጋር አስሮታል። በመጨረሻው ዙር ከሁለት ረጃጅም ልጆች ጋር ትከሻ ለትከሻ መጥቶ መጨረሻው ላይ ቀደሙት። ከጎኔ የነበረው ሰው «ይሄስ?» አለኝ። አየሁት፤ ስሙ ትይዩ «አቅም ያንሰዋል» ብዬ ጻፍኩ። ልጁ መጥቶ ፊቴ ቆመ። «ጋሼ፣ እኔስ?» አለኝ። «በሚቀጥለው ዓመት ሞክር» አልኩት። መልካም ቃል የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ከወር በኋላ እናቱ የቁጠባ ደብተር ሊያወጡለት ይዘውት ወደ እኔ መስኮት መጡ። ልጁ አወቀኝ፤ አንገቱን ደፋ። ፎርሙን ስሞላ «እናቴ፣ የተወለደው መቼ ነው?» አልኳቸው። መስከረም 1 ይሉኛል ብዬ ብዕሬን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን «የኔ ጌታ፣ ሚሊኒየም የተባለው ሲከበር በሆዴ ነበር፤ ለጥምቀት ተገላገልሁት» አሉኝ። ጥር 2000 ማለት ነው። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ትከሻ ለትከሻ የታገላቸው ልጆች 16 እንደሆናቸው ከመዝገቡ አውቃለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ የለካሁት ችሎታ አልነበረም፤ ሦስት ዓመት ነበር የለካሁት።

ይህን ስረዳ አልተጨነቅሁም። የሚቀጥለው ዓመት አለ ብዬ ነበር። በነሐሴ 2013 ግን ጦርነቱ ከተማችን ገባ። ሰው ተበተነ፤ የሚቀጥለው ዓመት ምልመላም ቀረ። ልጁንም እናቱንም ከዚያ ወዲህ በእኔ መስኮት አላየኋቸውም። ደኅና ሆነው ሌላ አገር ኖረው ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው ገንዘብ ከገባ በኋላ ሌላ አልተጻፈም።

መራጭ ሁሉ «በሚቀጥለው ዓመት» ማለት ይወዳል። በእኛ አገር ግን የሚቀጥለው ዓመት የመራጩ ንብረት አይደለም፤ ያልያዘውን እየሰጠ ነው የሚያሰናብተው። ዛሬ ምልመላ ላይ ብቀመጥ ከሰዓቱ በፊት የምጠይቀው የእናትን ትዝታ ነው፤ ጥምቀት ነበር? አዝመራ ነበር? ማን የነገሠ ጊዜ? ከዚያም እንደ ገና ጨዋታችን እኩያን ከእኩያ ጋር አቆማለሁ። ሰባተኛውንም ልጅ «ነገ ጠዋት ና» እለዋለሁ። ነገ ጠዋት ከሚቀጥለው ዓመት ይቀርባል።

ያን ዕለት ማታ ከባንክ ወጥቼ የጻፍኳት አራት መስመር እነሆ፤

በቀትር ፀሐይ ላይ ጥላውን ለክቼ፣
አጭር ነው አልሁና መንገድ ገባሁ ትቼ፤
ማታ ስመለስ ግን ጥላው ተዘርግቶ፣
አየሁት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ።