የሮክ ክሪክ ሸለቆ የእግር መንገዶች፦ በዋሽንግተን መካከል ያለው ደን፣ ጅረቶቹና ኩሬዎቹ

ዋሽንግተን ዲሲን በካርታ ላይ የተመለከተ ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰፊ አረንጓዴ ሰንበር ያስተውላል። ሮክ ክሪክ የተባለው ወንዝ ቦርቡሮ ያወጣው ሸለቆ ነው። ስሙን ወደ አማርኛ ቢመልሱት “አለታማው ጅረት” እንደ ማለት ይሆናል። ወንዙ ከከተማይቱ በስተሰሜን፣ በሜሪላንድ ሌይተንስቪል አጠገብ ይመነጫል፤ 53 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞም ጆርጅታውን ላይ ከፖቶማክ ጋር ይቀላቀላል። የመጨረሻዎቹ 15 ኪሎ ሜትሮች ገደማ በዋና ከተማይቱ ክልል ውስጥ ናቸው። በዚሁ ክፍል የሚገኘው የሮክ ክሪክ ፓርክ ዋና ይዞታ 710 ሄክታር ያህል ስፋት አለው፤ ከኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ በእጥፍ ይበልጣል።

ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትላልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ የሚኖረው በዚሁ አካባቢ ነው። ብዙ የአበሻ መደብሮችና ምግብ ቤቶች የሚገኙበት ጆርጂያ ጎዳና ከፓርኩ ምሥራቃዊ ዳርቻ ጥቂት መንገዶችን ተሻግሮ ይገኛል፤ ሲልቨር ስፕሪንግም ከሰሜናዊው ጫፍ ቅርብ ነው። ይሁን እንጂ ሸለቆውን በመኪና መስኮት ብቻ የሚያውቀው ሰው ጥቂት አይደለም። በደኑ ውስጥ ግን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የእግር መንገድ ተዘርግቷል፤ መግቢያውም ያለ ክፍያ ነው።

ይህ ደን ሳይመነጠር የቀረው በአጋጣሚ አይደለም። እ.አ.አ በ1867 ናትናኤል ሚችለር የተባሉ የጦር ሠራዊት መሐንዲስ ለፕሬዚዳንቱ አዲስ መኖሪያ የሚሆን ጤናማ ቦታ እንዲፈልጉ ታዝዘው ሸለቆውን መረመሩ። ባቀረቡት ዘገባ ስፍራው ለሕዝብ መናፈሻ እንዲሆን አጥብቀው አሳሰቡ። ሐሳቡ ከሃያ ዓመታት በላይ ሲጓተት ቆየ። በመካከሉ ወንዙን በግድብ ዘግቶ ሸለቆውን የውኃ ማጠራቀሚያ ለማድረግ የታሰበበት ጊዜም ነበር። በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን እ.አ.አ መስከረም 27 ቀን 1890 ፓርኩን ያቋቋመውን ሕግ ፈረሙ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋና ዋናዎቹ የእግር መንገዶች ሁለት ናቸው። የምዕራቡ ሸንተረር መንገድ በወንዙ ምዕራብ በኩል ከፍ ባለው ምድር ላይ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በዛፎች ግንድ ላይ በተቀባ አረንጓዴ ምልክት ይታወቃል። የሸለቆው መንገድ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ወንዙን እየተጠጋ፣ አንዳንዴም በገደሉ ወገብ ላይ እየወጣና እየወረደ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ ምልክቱ ሰማያዊ ነው። ሁለቱን አገናኝቶ ከፒርስ ወፍጮ ተነሥቶ እስከ ሜሪላንድ ድንበር ደርሶ መመለስ ለጠንካራ ተጓዥ የአንድ ሙሉ ቀን ጉዞ ነው። አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ ሰማያዊው ይመረጣል። የምዕራቡ መንገድ አረማመዱ ይቀላል፤ ነገር ግን ለመኪና መንገድ የሚቀርብበት ቦታ ስላለ የሞተር ድምፅ ይከተላል። በሰማያዊው መንገድ ላይ ከአለት ወደ አለት የሚወረወረው ውኃ የከተማውን ድምፅ ይውጠዋል።

ልጆችን ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ግን በቦልደር ድልድይ ዙሪያ ያለው አጭር ዙር ይሻላል፤ ከ6 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ድልድዩ በ1902 ከትላልቅ ድቡልቡል ድንጋዮች የተሠራ ሲሆን፣ ከሩቅ ሲያዩት ተራራው ራሱ ያበቀለው ይመስላል። በዚያን ዘመን ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት በዚህ ሸለቆ ረዥም የእግር ጉዞ ማድረግ ይወዱ ነበር። እንግዶቻቸውን ሁሉ በገደልና በውኃ እንዳስከተሉ ይነገራል። ከእነዚህ ተከታዮች አንዱ የነበሩት የፈረንሳይ አምባሳደር ዡል ዡስራን መታሰቢያ የሆነ የድንጋይ መቀመጫ ዛሬም በፓርኩ ውስጥ አለ።

የፒርስ ወፍጮ በሸለቆው ከነበሩት የውኃ ወፍጮዎች የተረፈው ብቸኛው ነው። በ1820ዎቹ ተሠርቶ እስከ 1897 ድረስ እህል ሲፈጭ ኖረ፤ ከረዥም ጥገና በኋላ በ2011 ዳግም ለጎብኚዎች ተከፍቷል። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል በወንዝ ዳር የውኃ ወፍጮ ሲዞር አይቶ ያደገ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልገውም።

ከወፍጮው አጠገብ ያለው ትንሽ ግድብ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ሄሪንግ የሚባሉት ዓሦች በየጸደዩ ከባሕር ተነሥተው፣ ፖቶማክን አቋርጠው እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ሮክ ክሪክ ይወጣሉ። ግድቡና በወንዙ ላይ የነበሩ ሌሎች መሰናክሎች ለብዙ ዘመን መንገዳቸውን ዘግተውባቸው ቆይተዋል። በፖቶማክ ላይ የዉድሮ ዊልሰን ድልድይ እንደ አዲስ በተሠራበት ጊዜ፣ ግንባታው በተፈጥሮ ላይ ላደረሰው ጉዳት ማካካሻ እንዲሆን በግድቡ ጎን የዓሣ መተላለፊያ ተበጀ፤ ሌሎቹም መሰናክሎች ተነሡ ወይም ተስተካከሉ። በጸደይ ወራት በግድቡ አጠገብ ቆም ብሎ ውኃውን በትዕግሥት የተመለከተ መንገደኛ ዓሦቹ ሲወጡ ሊያይ ይችላል።

ወደ ዋናው ወንዝ ከሚወርዱት ገባር ጅረቶች ብዙዎቹ የራሳቸው የእግር መንገድ አላቸው። ከክሊቭላንድ ፓርክ የባቡር ጣቢያ ለሚነሣ ሰው የሜልቪን ሄዘን መንገድ ቅርብ ነው፤ ከኮነቲከት ጎዳና ተገንጥሎ በጅረት ዳር ቁልቁል ይወርዳል። ከኢትዮጵያ ኤምባሲ ብዙም የማይርቀው የሶፕስቶን ሸለቆ መንገድ ደግሞ ጅረቱን ደጋግሞ ያቋርጣል፤ ድልድይ ስለሌለው ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ መሻገር ያስፈልጋል። የአገሩ ነባር ሕዝቦች በዚህ ስፍራ የሳሙና ድንጋይ የሚባለውን ለስላሳ አለት እየፈለጡ የምግብ ማብሰያ ዕቃ ይሠሩበት ነበር። በስተምሥራቅ ባለው የፓይኒ ብራንች ጅረት ዳርም ኳርትዛይት የተባለውን ጠንካራ ድንጋይ እየጠረቡ መሣሪያ ያበጁ እንደነበር በ1889 በተጀመረ ቁፋሮ ተረጋግጧል።

ኩሬዎቹ ከጅረቶቹ ይልቅ ለመታየት ዕድል ይፈልጋሉ። በወንዙ ዳር ባለው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ በክረምቱ ዝናብና በበረዶ ቅላጭ የሚሞሉ፣ በበጋው ሙቀት ጨርሰው የሚደርቁ ትንንሽ ኩሬዎች አሉ። ዓሣ ስለማይኖርባቸው እንቁላልና እጭን የሚበላ ጠላት የለም። ስለዚህ የጫካ እንቁራሪቶችና ቢጫ ነጠብጣብ ያላቸው ሳላማንደሮች በክረምቱ ማብቂያ፣ ዝናባማ በሆኑ ሌሊቶች፣ ከቅጠል ሥር ወጥተው ወደ እነዚህ ኩሬዎች ይጓዛሉ። ኩሬው ከመድረቁ በፊት እጩ አድጎ ወደ ምድር መውጣት አለበት፤ ጊዜው አጭር ነው። በበጋ የሚያልፍ መንገደኛ ደረቅ ጉድጓድ መስሎት ቢረግጠው አይፈረድበትም።

ከዚህም የባሰ ሥውር ፍጡር አለ። ሄይስ ስፕሪንግ አምፊፖድ የሚባለው ዓይን የሌለው፣ ነጭ፣ ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ የውኃ እንስሳ በዚህ ሸለቆ ባሉ ጥቂት ምንጮች ውስጥ ይኖራል፤ በ1982 በመጥፋት ላይ ካሉ እንስሳት መዝገብ ገብቷል። የሚኖረው ከመሬት በታች በሚንጠባጠበው ውኃ ውስጥ በመሆኑ ከላይ የሚፈስስ ኬሚካል ወይም የሚደርቅ ምንጭ ሊያጠፋው ይችላል። ከምልክቱ መንገድ ወጥቶ ረግረጋማ ምንጭ መርገጥ የሚከለከልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ውኃው ለዓይን ጥሩ ቢመስልም መግባት አይፈቀድም። በዋሽንግተን ወንዞች መዋኘት በ1971 ተከልክሏል፤ የፓርኩ አስተዳደርም ሰዎችም ሆኑ ውሾች ወደ ሮክ ክሪክ እንዳይገቡ ያስጠነቅቃል። ምክንያቱ ከከተማይቱ አሮጌ ቧንቧዎች የሚመጣ ነው። የዋሽንግተን አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ክፍል የዝናብ ጎርፍና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ይሄዱበታል። ከባድ ዝናብ ሲዘንብ ቱቦው ከአቅሙ በላይ ይሞላና ድብልቁ ወደ ወንዙ ይገነፍላል። በሮክ ክሪክ በኩል ትልቁ መገንፈያ የሚገኘው በፓይኒ ብራንች ነው። ከተማይቱ ይህን ለመቀነስ ብዙ ገንዘብ የምታፈስስበት ሥራ ይዛለች፤ እስኪፈጸም ግን በሙቀት ቀን እግርን ወደ ጅረቱ መንከር የሚያምር ሐሳብ ቢሆንም መተው ይገባል። በተለይ ሕፃናት ውኃ እንዳይጠጡና በውኃው የነካካ እጃቸውን ሳይታጠቡ እንዳይበሉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከዝናብ በኋላ ወንዙ በፍጥነት ስለሚሞላ የድንጋይ መሻገሪያዎችም አደገኛ ይሆናሉ።

ሌላው ጥንቃቄ መዥገር ነው። የላይም በሽታን የሚያስተላልፈው መዥገር የሰሊጥ ፍሬ የሚያህል ስለሆነ በቀላሉ አይታይም፤ ሱሪን በካልሲ ውስጥ መክተትና ከጉዞ በኋላ ሰውነትን በሚገባ መፈተሽ ይረዳል። ፖይዝን አይቪ የተባለው ሐረግም ሦስት ሦስት ሆኖ በሚወጣ ቅጠሉ ይታወቃል፤ የነካው ቆዳ ያሳክካል፣ ውኃም ይቋጥራል። በሸለቆው ጥልቅ ክፍሎች የስልክ አገልግሎት ስለሚደክም ካርታውን አስቀድሞ ስልክ ላይ መጫን ወይም በወረቀት መያዝ ይበጃል።

አጋዘኖች በየመንገዱ ያጋጥማሉ፤ ሰውን እምብዛም አይፈሩም። ቁጥራቸው ከመብዛቱ የተነሣ ችግኞችን እየበሉ ደኑ ራሱን እንዳይተካ ስላደረጉ፣ ከ2013 ጀምሮ ሌሊት በተመደቡ ተኳሾች ይቀነሳሉ። ነገሩ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ሆኖም ያረጁት የቱሊፕና የኦክ ዛፎች ሲወድቁ ከሥራቸው ወጣት ዛፍ የሚጠብቅበት ደን እንዲኖር ሌላ አማራጭ ማየት ያስቸግራል።

የመኪና ነገርም እንዲሁ አከራካሪ ነበር። ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው ቢች ድራይቭ የሰሜኑ ክፍል ለብዙ ዓመታት በቅዳሜና እሑድ ብቻ ለመኪና ይዘጋ ነበር፤ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። አስተዳደሩ በ2022 መንገዱ ዓመቱን ሙሉ ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲሆን ወሰነ። አስፋልት በመሆኑ ጋሪ ለሚገፉ ወላጆችና ዳገት ለሚከብዳቸው አረጋውያን ከጫካው መንገዶች ይልቅ ይመቻል።

የበለጠ ሰፋ ያለ ውኃ ማየት የሚፈልግ ወደ ላይኛው ሸለቆ መሄድ አለበት። በሮክቪል አቅራቢያ ያሉት ኒድዉድና ፍራንክ የተባሉት ሐይቆች በ1960ዎቹ ጎርፍንና ደለልን ለመግታት በግድብ የተፈጠሩ ናቸው። ከኒድዉድ ሐይቅ እስከ ዋሽንግተን ድንበር 22 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን አስፋልት ያለው የእግርና የብስክሌት መንገድ ይወርዳል። በ2006 ሰኔ በጣለው ኃይለኛ ዝናብ ውኃ በኒድዉድ ግድብ ውስጥ ማለፍ ጀምሮ ከግድቡ በታች የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ለቅቀው እንዲወጡ ተደርጓል፤ ግድቡ ግን ሳይደረመስ ቀረ። የፍራንክ ሐይቅ ስያሜውን ያገኘው ከደን ባለሙያው ከበርናርድ ፍራንክ ነው። ዙሪያውን በአብዛኛው ደን ስለከበበው ከኒድዉድ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው፤ በሁለቱም ሐይቆች መዋኘት ክልክል ነው።