ማቴዎስ አርመናዊ፤ የንግሥት እሌኒ መልእክተኛ

የመንግሥት መልእክተኛ ከባሕር ማዕበልና ከጠላት ሰይፍ ይልቅ የሚፈራው አለመታመንን ነው። ይህንም የማቴዎስ አርመናዊ ታሪክ በግልጥ ያስረዳል።

ዐፄ ልብነ ድንግል በ1508 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በልጅነታቸው በነገሡ ጊዜ፥ የመንግሥቱን ሥራ ይመሩ የነበሩ አስተዋይዋ ንግሥት እሌኒ ነበሩ። የዘይላው ማሕፉዝ ሕዝቡ በዐቢይ ጾም ደክሞ ሳለ እየመጣ አገሩን ይወጋ ነበር፤ የቀይ ባሕርም በር በእስላም ነገሥታት እጅ ነበረ። ስለዚህ ንግሥቲቱ በህንድ ባሕር መርከቦቹ የበረቱለትን የፖርቱጋልን ንጉሥ ማኑኤልን ወዳጅ ሊያደርጉ አሰቡ።

ለዚህ መልእክት የተመረጠው ማቴዎስ ነበረ። አርመናዊ እንደ መሆኑ ሃይማኖቱ ከኢትዮጵያ ሃይማኖት ጋራ አንድ ነው፤ ነጋዴም መስሎ በእስላም አገር ማለፍ ይችላል። ንግሥቲቱ ደብዳቤና ለንጉሡ የሚሰጥ ከግማደ መስቀሉ የተከፈለ ዕንጨት አስይዘው ሰደዱት።

በ1512 ዓ.ም. ጎዋ ሲደርስ የህንዱ እንደራሴ አልቡከርክ በክብር ተቀበለው። ሌሎች ፖርቱጋሎች ግን፦ ይህ ሐበሻ አይደለም፤ የታላቅ ንጉሥም መልእክተኛ እንዲህ ያለ አጀብ ያነሰው ሆኖ አይመጣም፤ ሰላይ ነው እያሉ ያሙት ጀመር። ወደ ፖርቱጋል በወሰደው መርከብ ላይ አለቆቹ አዋረዱት፤ አሠቃዩትም። በ1514 ዓ.ም. ሊዝቦን በገባ ጊዜ ግን ንጉሥ ማኑኤል በደስታ ተቀበሉት፤ የበደሉትንም አሳሰሩ።

በ1515 ዓ.ም. ከሽማግሌው አምባሳደር ከዱዋርቴ ጋልቫውና ከቄሱ ከፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጋራ ተመለሰ። ነገር ግን የመርከቦቹ አለቃ ሎፖ ሱዋሬዝ ወደ ኢትዮጵያ ወደብ ሳያደርሰው ቀረ፤ ጋልቫውም በ1517 ዓ.ም. በቀይ ባሕር በካማራን ደሴት ሞተ። ማቴዎስ እንደ ገና በህንድ መቈየት ግድ ሆነበት።

በመጨረሻ በሚያዝያ 1520 ዓ.ም. ምጥዋ ደረሰ። የደብረ ቢዘን መነኮሳትም ወደ ባሕሩ ዳር ወርደው ወንድማቸውን እንደሚቀበሉ ሆነው በደስታ ተቀበሉት። በዚያን ጊዜ የፖርቱጋሎች ጥርጣሬ ተወገደ፤ የብዙ ዘመን ሐሜት ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ማቴዎስ ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ፥ ንጉሡን ሳያይ፥ ከቢዘን ገዳማት ባንዱ ታሞ ዐረፈ።

መልእክተኞቹ በሮድሪጎ ደ ሊማ አለቅነት ወደ ቤተ መንግሥት በደረሱ ጊዜ፥ ዐፄ ልብነ ድንግል ማቴዎስን የላኩት እርሳቸው እንዳልሆኑ ተናገሩ። ነገሩም እውነት ነው፤ የላኩት እሌኒ ነበሩና። ደግሞም ማቴዎስ በባዕድ አገር ሲንከራተት ወጣቱ ንጉሥ ማሕፉዝን ድል ነሥተው ስለ ነበረ፥ የባዕድ ርዳታ አላስቸኰላቸውም። መልእክተኞቹ ስድስት ዓመት ቈይተው በ1526 ዓ.ም. ተመለሱ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ግራኝ አሕመድ በሽምብራ ኵሬ ድል አደረገ፤ አገሪቱም በእሳት ተቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናት ፈረሱ። በ1541 ዓ.ም. ክሪስቶቮ ዳ ጋማ አራት መቶ ወታደር ይዞ ሊረዳ የመጣው፥ ማቴዎስ አስቀድሞ በከፈተው መንገድ ነበረ።

እንግዲህ ማቴዎስ ከንጉሡ አፍ ምስጋና ሳይሰማ ሞተ፤ ሥራው ግን ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ ፍሬ አፈራ። የታመነ መልእክተኛ ዋጋው ባደረሰው ቀን ብቻ አይመዘንም፤ የላከው ሰው አርቆ ያየው ችግር በደረሰ ጊዜ ይታወቃል።