ታንኬቷ በ1፡35 መስፈርት፦ ሞዴል እንደ ታሪክ ማስረጃ

በተመጠነ መስፈርት ሞዴል መሥራት በብዙዎች ዘንድ የልጅ ጨዋታ ወይም የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ አንድን ተሽከርካሪ አሳንሶ በትክክል ለመሥራት የሚነሣ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ የመሐንዲስንና የታሪክ ጸሐፊን ሥራ አጣምሮ መያዝ ይኖርበታል። የብረቱ ውፍረት ስንት ነበር? ክፍሎቹ የተያያዙት በብሎን ነው ወይስ በብየዳ? በዚያ ዓመትና በዚያ ቦታ የተሰለፈው የትኛው ዓይነት ነው? በጽሑፍ ላይ «ቀላል ታንክ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ በሞዴል ላይ ግን እያንዳንዱ ብሎን የሚቀመጥበት ቦታ መታወቅ አለበት።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜ ያሰለፈችው «ካሮ ቬሎቼ 33» የተባለው የጦር ተሽከርካሪ ነው። ስሙ «ፈጣን ታንክ» ማለት ሲሆን፣ በመጠኑ ማነስ የተነሣ ከታንክ ይልቅ ታንኬት መባል የሚገባው ነው። የዚህችን ታንኬት ሞዴል በጥንቃቄ አጥንቶ የሚሠራ ሰው፣ በጦር ሜዳ ላይ ስለ ደረሰባት ነገር ከብዙ መጻሕፍት የማያገኘውን ግንዛቤ ያገኛል።

የታንኬቷ አፈጣጠር

ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1929 ካርደን ሎይድ ማርክ 6 የተባሉትን የእንግሊዝ ታንኬቶች ገዝታ ከመረመረች በኋላ፣ አንሳልዶና ፊያት የተባሉት ኩባንያዎች የራሳቸውን ዓይነት ነደፉ። ይህም እ.ኤ.አ. በ1933 በጦር ሠራዊቱ ተቀባይነት አገኘ። ነዳፊዎቹ በዋነኛነት ያሰቡት በአልፕስ ተራሮች ጠባብ መንገዶች ላይ ሊደረግ ስለሚችል ጦርነት ነበር። ስለዚህም ታንኬቷ 3.2 ቶን ያህል የምትመዝን፣ ርዝመቷ 3.17 ሜትር፣ ስፋቷ 1.40 ሜትር፣ ከፍታዋም ከ1.30 ሜትር የማይበልጥ ሆና ተሠራች። 43 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ከኋላ በኩል ተገጥሞላት፣ በደህና መንገድ ላይ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ያህል ትሮጥ ነበር። ሁለት ሰዎችን ብቻ ትይዛለች፤ ነጂው በቀኝ፣ አዛዥና ተኳሹ በግራ ይቀመጣሉ። የሚሽከረከር ማማ የላትም፤ መትረየሷ የተተከለው በአካሏ ፊት በግራ በኩል ሲሆን፣ ወደ ጎን የሚዞረው በጥቂት ዲግሪዎች ብቻ ነው። አብዛኞቹ ታንኬቶች ሬዲዮ አልነበራቸውም።

የመስፈርቱ ስሌት

በጦር ተሽከርካሪ ሞዴሎች ዘንድ እጅግ የተለመደው መስፈርት 1፡35 ነው። ይህ ቁጥር ከሥነ ልክ ሕግ የመነጨ አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሞተር የሚንቀሳቀስ የፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ፣ የባትሪው ድንጋይ ሊገባበት የሚችለውን መጠን መረጠ፤ በኋላም ሌሎች ኩባንያዎች ተከተሉት። በዚህ መስፈርት ታንኬቷ 91 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 40 ሚሊ ሜትር ስፋትና 37 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይኖራታል፤ በእጅ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች ማለት ነው። ክብደቷ ደግሞ በመስፈርቱ ሦስተኛ እርከን፣ ማለትም በ42,875፣ ሲካፈል 75 ግራም ያህል ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የብረቱ ውፍረት ስሌት ነው። የታንኬቷ ወፍራሙ የፊት ብረት 14 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ይህም በሞዴሉ ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከፕላስቲክ የተሠራ የሞዴል ግድግዳ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይህ በእውነተኛው መጠን ሲሰላ 35 ሚሊ ሜትር ብረት ማለት ነው። እንግዲህ ሞዴሉን ከሣጥኑ አውጥቶ እንዳለ የሚገጥም ሰው፣ ሳያውቀው ታንኬቷን ከሁለት እጥፍ በላይ የጠነከረች አድርጎ ያሳያል። ጠንቃቃው ሠራተኛ የክዳኖቹንና የጠርዞቹን ጫፍ በሞረድ ያሳሳል፤ ወይም በስስ የናስ ቆርቆሮ ይተካል። ይህን ሲያደርግ የተሽከርካሪዋን እውነተኛ ድክመት ይገልጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጋጠሚያው ነው። የካሮ ቬሎቼ 33 አካል በሪቬትና በብየዳ የተያያዘ ሲሆን፣ ተከታዩ ካሮ ቬሎቼ 35 ግን በአብዛኛው በብሎን የታሰረ ነው። ብሮንኮ የተባለው የቻይና ኩባንያ ሁለቱንም ዓይነቶች በ1፡35 አውጥቷል። የብሎን ራስ በሞዴሉ ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባይበልጥም፣ ዓይነቱንና ዘመኑን የሚለየው እርሱ ነው። ስሙም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ ዛሬ የተለመደው «ኤል 3» የሚለው መጠሪያ የወጣው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በመሆኑ፣ በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ላይ የዘመተችውን ታንኬት በዚያ ስም መጥራት ዘመንን ማቀላቀል ነው። የሰንሰለቷ የላይኛው ክፍል የሚንሸራተትበት ሐዲድ ከዕንጨት የተሠራ መሆኑም፣ በቅርብ ካልታየ በቀር የሚታለፍ ዝርዝር ነው።

ፎቶግራፍ ምን ያህል ይታመናል?

ሞዴል ሠሪው ንድፍ ሲያጥረው የሚሄደው ወደ ፎቶግራፍ ነው። ነገር ግን ፎቶግራፍም መመርመር አለበት። በዘመኑ ይሠራባቸው ከነበሩት ፊልሞች መካከል ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ዓይነት ቀይ ብርሃንን ስለማይቀበል፣ ቀላ ያለ ቀለም በሥዕሉ ላይ ጠቁሮ ይወጣል። ስለዚህ ከጥቁርና ነጭ ሥዕል ተነሥቶ «ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ነበር» ማለት አያስተማምንም። በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች የሚገኙት ታንኬቶችም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ እንደገና የተቀቡ በመሆናቸው፣ ለብረቱ ልክ እንጂ ለቀለሙ ምስክር ሊሆኑ አይችሉም።

ከቀለሙ የሚከፋው የምርጫ ጉዳይ ነው። በዚያ ጦርነት ላይ የፊልምና የፎቶግራፍ መሣሪያ በብዛት የነበረው በወራሪው ወገን ነበር። ሉቼ የተባለው የኢጣሊያ መንግሥት የፊልም ድርጅት ያነሣቸው ሥዕሎች የሚያሳዩት በሰልፍ የሚጓዙና ድልድይ የሚሻገሩ ታንኬቶችን ነው። በእነዚህ ሥዕሎች ብቻ የሚመራ ሞዴል ሠሪ ብሎኑን ሁሉ በትክክል ቢያስቀምጥም፣ የሚደግመው ፎቶግራፍ አንሺው እንዲታይ የፈለገውን ነው። በልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የተጻፈውን «ካየሁት ከማስታውሰው»ን የመሰሉ የኢትዮጵያ ወገን ማስታወሻዎች ከንድፉ ጋር አብረው መነበብ የሚገባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ደምበጉና

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በራስ እምሩ የሚመራው ጦር ግንባር ቀደም ክፍል ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ገሠገሠ። በኢጣሊያዊው ሻለቃ ክሪኒቲ የሚታዘዘውና በቅኝ ገዢው የተመለመሉ ኤርትራውያን የሚበዙበት ጦር ከታንኬቶቹ ጋር ወደ ደምበጉና መተላለፊያ ቢያፈገፍግም፣ ኢትዮጵያውያን ከፍታዎቹን ቀድመው ይዘው ጠበቁት። የጦርነቱ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ታንኬቶቹ መፈናፈኛ ሲያጡ፣ ተዋጊዎቹ ከኋላ እየቀረቡ በላያቸው ላይ ወጡ፤ ከውስጥ የነበሩትንም በጎራዴና በጠመንጃ ገጠሙ። ከታንኬቶቹ በርካቶቹ ተገለበጡ፣ ተቃጠሉ ወይም ተማረኩ።

ይህ ነገር በብዙ የአውሮፓ ጽሑፎች ውስጥ እንደ እንግዳ አጋጣሚ ይወሳል። ሞዴሉ ግን ምክንያቱን በዓይን ያሳያል። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው በ1፡35 መስፈርት 49 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን ምስል ከ37 ሚሊ ሜትሯ ታንኬት አጠገብ ለሚያቆም ሰው፣ ጣሪያዋ ከተዋጊው ደረት እምብዛም እንደማያልፍ፣ ክዳኖቿም ለእጁ ቅርብ እንደ ሆኑ ይታየዋል። ምስሉን ከኋላ ሲያቆመው ደግሞ መትረየሱ ፈጽሞ ሊደርስበት እንደማይችል ያያል። ታንኬቷ ራሷን ለማዳን መላ አካሏን ማዞር ነበረባት፤ ድንጋይ በሞላበት ጠባብ መንገድ ላይ ግን ይህ አይቻልም። ሽሬን በመሰለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል በሚደርስ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት ስለሚቀንስ፣ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ሬዲዮ ስለሌላትም አንዷ ስትያዝ ሌላዋ ቶሎ አታውቅም።

እነዚህ ሁሉ የንድፍ ጉድለቶች የተዋጊዎቹን ጀግንነት አያሳንሱም። ማንም ቢሆን የታንኬቷን ዕውር ጎን ለማግኘት መጀመሪያ በመትረየሱ ፊት ማለፍ ነበረበት። መሐንዲሱ ሊገነዘበው የሚገባው፣ እነዚያ ተዋጊዎች የመሣሪያውን ድክመት በሜዳ ላይ፣ ያለ ንድፍና ያለ ስሌት፣ ለይተው ማወቃቸውን ነው። ይኸው ድክመት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1937 በስፔን ጓዳላሃራ፣ ባለ 45 ሚሊ ሜትር መድፍ ቲ-26 ታንኮች ፊት እንደገና ተገለጠ።

መደምደሚያ

የደምበጉና ድል የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን፣ በተከዜ ዳርቻ በራስ እምሩ ጦር ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ተጣለ። ኢጣሊያ ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃ ነበር። በብረት ያልተገኘው ብልጫ በመርዝ ተፈለገ፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም መስፈርት ሊቀረጽ የሚችል አይደለም።

እንግዲህ የሞዴል ሥራ ዋጋው መጠኑን በመጠበቅ ብቻ አይለካም። 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን የሚገባውን ብረት 0.4 አድርጎ መሥራት ለታሪክ ታማኝ መሆን ነው፤ ከታንኬቷ ኋላ የቆመውን ሰው መዘንጋት ግን ከማንኛውም የልክ ስሕተት የከፋ ነው። ሁለቱን አሟልቶ የሚሠራ ሰው፣ ወራሪው በፎቶግራፍ ያላስቀረውን ታሪክ በመዳፍ ላይ ለሚቀመጥ ትንሽ ነገር አደራ ይሰጣል።