ከካንዴላ እስከ ቴስታታ፤ የጋራዥ አማርኛ ታሪክ

የአዲስ አበባ መካኒክ በአንድ የሥራ ቀን የሚጠራቸውን ስሞች አንድ በአንድ ብንመዘግብ፣ ከአምስቱ ዓመት የኢጣሊያ ወረራ ጀምሮ ያለፍንበትን ዘመን የሚተርክ መዝገብ ይወጣናል። ይህን ያስተዋልኩት በግቢዬ ውስጥ የአንድ አሮጌ ቮልስ ሞተር ሳድስ ነው።

ቮልስ ለቤት ሥራ የተመቸ መኪና ነው። ከኋላ የተቀመጠው ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ስለሆነ፣ ክሪክ ከሥሩ አስደግፎ ማውረድ ይቻላል። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም፤ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ይበቃዋል። ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፈው ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ምርቱ እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በእኛም አገር የታሪክ ምስክር ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር።

የእኔው ቮልስ 1192 ሲ.ሲ. ሞተር አለው። ጉልበቱ ደክሞ ስለነበር ጡረታ የወጡ መካኒክ ጎረቤቴን ጠራሁ። ጋሼ ገና ሳይነኩት «ሦስተኛውን ሲሊንደር እይ፣ ልጄ» አሉኝ። የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩን መንገድ ስለሚጋርድበት ሦስተኛው ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩም ቀድሞ ይቃጠላል። እንዳሉትም ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ «ካንዴላውን ፍታ፣ ካቻቢቴ አቀብለኝ፣ ቴስታታውን ቀስ ብለህ አውጣ» እያሉ አሠሩኝ። ሞተሩ ጀርመን ነው፤ ትእዛዙ ግን በኢጣሊያ ቃላት የተሞላ ነበር። ጋሼ ደግሞ ኢጣሊያንኛ አይናገሩም።

ቃላቱን በትውልድ ቋንቋቸው ብንፈታቸው እንዲህ ናቸው። ካንዴላ ማለት ሻማ ነው። ፍሬቻ ቀስት ነው። ፍሪሲዮን ፍትጊያ፣ ፓራፋንጎ የጭቃ መከላከያ ነው። ኮፈን የመጣው ሣጥን ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ቴስታታ ደግሞ ራስ ከሚለው ይወለዳል።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ሲቀርብ ያመጣው ቤዴ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት መኪና የጥቂቶች ነገር ሆኖ ቆየ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ግን ወራሪው ጦር መንገድ እየጠረገ በርካታ የጭነት መኪኖችን አስገባ። ተሽከርካሪ ሲበዛ ጋራዥ በዛ፤ ከድሉም በኋላ በአገራችን የቀሩ ኢጣሊያውያን በዚሁ ሙያ ሠሩ። ወጣቱ ረዳት ሙያውን የተማረው በዓይኑና በጆሮው ነበር። ለዚህም ምስክሩ ራሱ ቃሉ ነው፤ ኢጣሊያኖች «ካቻቪቴ» የሚሉትን እኛ ካቻቢቴ አልነው። «ቪ» ወደ «ቢ» የተለወጠው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአፍ ወደ ጆሮ ስለተቀበልነው ነው። ወራሪው ተባረረ፤ ቃሉ ግን በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ እስከ ዛሬ ይሸጥበታል፣ ይገዛበታል።

አማርኛም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። መሪ፣ ነዳጅ፣ መብራት፣ መቀመጫ የራሳችን ቃላት ናቸው። በአብዛኛው ተሳፋሪው የሚያየውን በራሳችን ቃል ጠራን፤ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለውን ግን መካኒኩ ከሰማው ወሰደ።

ታዲያ ይህ መዝገብ አሁን ገጹ እየተገለጠ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፤ ቴስታታም ፍሪሲዮንም አያስፈልገውም። ፍሬን፣ ፍሬቻና ጎማ ይሻገሩ ይሆናል፤ የሌሎቹ ዕድሜ ግን በየግቢው በቆሙት አሮጌ መኪኖችና በጠጋኞቻቸው ዕድሜ ይለካል። ያገሬ መካኒክ ሦስተኛው ሲሊንደር ለምን እንደሚግል ያውቃል፤ ዕውቀቱ ያለው ግን በአፉ ላይ ነው፣ በወረቀት አልሰፈረም። የቃላት ሊቃውንቶቻችን ለግዕዝ ሥርወ ቃል ከሚሰጡት ጊዜ ጥቂቱን ቀንሰው፣ ደብተርና እርሳስ ይዘው ወደ ጋራዥ ጎራ ቢሉ መልካም ነው። ዘይት የነካው እጅ ሊጽፍላቸው ባይችል፣ ሊነግራቸው ይችላል።